ብረት ለበሷ መርከብና እኛ የምናወራው የጃፓን ተረት

ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር ማኪያቶ በምንጠጣበት ቤት አንድ የቆየ ክርክር እንደ አዲስ ተነሣ። ያነሡት ጠና ያሉ፣ ብዙ ያነበቡ፣ ዕድሜያቸውን በምህንድስና ሙያ ያሳለፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፥ እኛና ጃፓን እኩል ነበር የተነሣነው። እነርሱ የብረት መርከብ ገዙ፤ መሳፍንቶቻቸውን ደመሰሱ፤ ሠለጠኑ። እኛ ስናወራ ቀረን። ለዚህ አገር የሚያስፈልገው ብረትና ብረቱን የሚጨብጥ ክንድ ነው» አሉ። በዙሪያቸው የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ለጊዜው ዝም አልሁ፤ ታላቅን በሰው ፊት መቃወም ያሳደገኝ ወግ አይፈቅድልኝምና። ይሁን እንጂ ያ ዝምታ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ ጋሼ፥ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ በዚህች ገጼ ላይ ልመልስልዎ።

መቼም የጃፓን ነገር በእኛ ምሁራን ዘንድ የቆየ ፍቅር ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በምሳሌነት ጠቅሰዋታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እዚያው ድረስ ተጉዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈውልናል። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ አበርክተውልናል። ልብ በሉ፥ የመጽሐፉ ርእስ «እንደምን» ነው የሚለው። እኛ ግን «እንደምን» የሚለውን ጥያቄ ረስተን «ጃፓን ሠለጠነች» የሚለውን ብቻ ይዘን እንኖራለን። ለጥያቄውም የራሳችንን መልስ ፈጥረንለታል፤ መልሱም ብረት ነው።

እንግዲያውስ ስለ ብረቱ እናውራ። ጋሼ የሚያነሷት መርከብ ስም አላት። ጃፓኖች ኮቴትሱ አሏት፤ ትርጉሙም ብረት ለበስ ማለት ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል የመጀመሪያዋ ብረት ለበስ የእንፋሎት መርከብ እርሷ ናት። ታሪኳን የመረመረ ሰው ግን «ብረት ገዝተው ሠለጠኑ» የሚለውን ስብከት ለመድገም አፉ የሚያዝለት አይመስለኝም።

መርከቧ የተሠራችው በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ፣ በአርማን የመርከብ መሥሪያ ነው። ያዘዟት ጃፓኖች አልነበሩም። ያዘዟት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ይዘው ለመገንጠል የሚዋጉት የደቡብ ግዛቶች ነበሩ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ስፊንክስ የሚል ስም ወጣላት፤ ለግብጽ የምትሠራ እንድትመስል ነው። ተንኮሉ ተደረሰበትና በ1864 መጀመሪያ የናፖሊዮን 3ኛ መንግሥት ሽያጩን አገደው። በዚያን ጊዜ ዴንማርክ ከፕሩሲያና ከኦስትሪያ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች መርከቧ ለእርሷ ተሸጠች፤ ጦርነቱ ግን መርከቧ ሳትደርስ አለቀ፣ ዴንማርክም አልፈልግም አለች። በ1865 መባቻ በጓሮ በር ተመልሳ ለመጀመሪያዎቹ አዛዦቿ ደረሰች፤ እነርሱም በጄኔራል ጃክሰን ቅጽል ስም ስቶንዎል አሏት። አንዲት መርከብ ገና አንድ ጥይት ሳትተኩስ ሦስት ስም ለወጠች ማለት ነው።

መቼም ስታስፈራ ታስፈራለች። ርዝመቷ 57 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 1,400 ቶን ያህል ነው። ከእንጨት የተሠራው ገላዋ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ተሸፍኗል። የፊት አፍንጫዋ ከውኃ በታች የጠላትን ጎን ለመብሳት ሾሎ ወጥቷል። ከፊቷ 300 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚወረውር መድፍ፣ ከኋላዋ ደግሞ 70 ፓውንድ የሚወረውሩ ሁለት መድፎች አሏት። በመጋቢት 1865 በስፔን ፌሮል ወደብ አጠገብ ሁለት የአሜሪካ መንግሥት መርከቦችን ኑ ግጠሙኝ ስትል አዛዣቸው ክሬቨን ሳይገጥማት ቀረ። በኋላም በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደበት፤ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ፍርዱን ባይሽሩለት ኖሮ ስሙ ተዋርዶ ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ መርከቧ ፌሮል የገባችው ለጀግንነት አልነበረም፤ ውኃ እያስገባች ስላስቸገረች ለጥገና ነው። ሃቫና ስትደርስ ደግሞ ጦርነቱ አልቋል። አዛዟ ፔጅ ለመርከበኞቹ ደመወዝ የሚሆን 16,000 ዶላር ተቀብሎ ለኩባው የስፔን ገዢ አስረከባት። የአሜሪካ መንግሥት ያንኑ 16,000 ዶላር ለስፔን መልሶ ወሰዳት፤ ወስዶም ዋሽንግተን አጠገብ አስሮ አስቀመጣት።

በ1867 ገበያተኛ መጣ። ኦኖ ቶሞጎሮ የሚመሩት የቶኩጋዋ ሾገን መንግሥት ልዑካን መርከቧን በ400,000 ዶላር ገዙ፤ 300,000ው ተከፈለ፣ ቀሪው በርክክብ ጊዜ ሊከፈል ተቀጠረ። ጋሼ፥ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ይበሉልኝ። መርከቧን የገዛው እርስዎ የሚያደንቁት የሜጂ መንግሥት አይደለም። የገዛው «ኋላ ቀር» ተብሎ የተገረሰሰው የሾገኑ መንግሥት ነው። ብረቱ ሥልጣኔን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ያሸነፈው ገዢው በሆነ ነበር።

ከዚያ ልዑካን ጋር አንድ አስተርጓሚም ነበር፤ ፉኩዛዋ ዩኪቺ ይባላል። ይህ ሰው በተጓዘበት ሁሉ ያገኘውን ገንዘብ በመጽሐፍ አፈሰሰው። ተማሪዎቹ አንዱን መጽሐፍ ተራ እየጠበቁ በእጅ መገልበጥ ቀርቶላቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን እንዲይዙ፣ አንዱን መጽሐፍ በብዙ ቅጂ እየገዛ ጭኖ ተመለሰ። ከአለቆቹ ጋርም ተጣላ፤ አገሩ ሲገባ ከሥራው ታገደ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን 1868 በኤዶ ከተማ ኡዌኖ በተባለው ኮረብታ የመድፍ ድምፅ ከተማውን ሲያናውጥ ፉኩዛዋ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን፣ አሜሪካዊው ዌይላንድ ስለ ኢኮኖሚ የጻፈውን፣ ማስተማሩን አላቋረጠም። በአንድ ጉዞ ሁለት ጭነት ተገዛ ማለት ነው፤ አንዱ የ400,000 ዶላር ብረት፣ ሁለተኛው አለቆቹ የተቆጡበት የወረቀት ሣጥን። የእኛ አገር ተናጋሪ ስለ መጀመሪያው ብቻ የሚያወራው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መርከቧ በሚያዝያ 1868 ጃፓን ስትደርስ የገዛት መንግሥት ወድቋል፤ አገሪቱ በሁለት ተከፍላ ትዋጋለች። (ይህች ወር ለእኛም የማትረሳ ናት። በዚያችው ሚያዝያ ነበር መቅደላ የወደቀችው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትና በስንት ድካም ተራራ ያወጡት ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አለ። ብረትን ብቻ የተማመነ ክንድ የት እንደሚደርስ ለማየት እስከ ዮኮሐማ መሄድ አያሻንም ነበር።) የአሜሪካው ተወካይ ቫን ቫልከንበርግ «አገሬ ገለልተኛ ናት» ብሎ መርከቧን ለማንም ሳይሰጥ ወደብ ላይ አቆያት። የነጭ አገር ተወካይ በጃፓን ገንዘብ የተገዛችን መርከብ አንቆ ይዞ ማን እንደሚያሸንፍ እስኪለይ ይጠብቅ ነበር። ለገዙት ብረት ጌታ መሆን እንኳ በገዢው እጅ አልነበረም። የሜጂ መንግሥት የተረከባት በ1869 መጀመሪያ፣ የውጭ አገሮች ገለልተኝነታቸውን ካነሡ በኋላ ነው።

የተረከባትስ ለምን ኖሯል? ወገንን ለመውጊያ። በሰሜን ደሴት በሆካይዶ የሾገኑ የባሕር አዛዥ ኤኖሞቶ ታኬአኪ እጅ አልሰጥም ብሎ ከጥቂት መርከቦችና ከጥቂት የፈረንሳይ መኮንኖች ጋር ሃኮዳቴ መሽጎ ነበር። የኤኖሞቶ ምርጥ መርከብ ካይዮ በኅዳር 1868 በማዕበል ተሰብራ ሰጥማለች። ስለዚህ ኮቴትሱን መስጠም ሳይሆን መማረክ ተመኘ። ግንቦት 6 ቀን 1869 ካይተን የተባለችው መርከቡ የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅላ ወደ ሚያኮ ወሽመጥ ገባች፤ መጨረሻዋ ሰዓት ላይ ባንዲራዋን ለውጣ ከኮቴትሱ ጋር ተላተመች። አብረዋት ሊዋጉ ከወጡት ሁለት መርከቦች አንዷን ማዕበል ለያት፣ ሁለተኛዋን ሞተሯ ከዳት። የካይተን ወለል ከኮቴትሱ ወለል ብዙ ከፍ ስለሚል ጎራዴ የመዘዙት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ታች መዝለል ነበረባቸው። ከታች ደግሞ ጋትሊንግ የተባለው ባለ ብዙ አፈሙዝ መትረየስ ይጠብቃቸዋል። ውጊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ቆየ። የካይተን አዛዥ ኮጋ ጌንጎ መርከቡ ላይ ወደቀ። የዘለሉት ሁሉ ጃፓናውያን፣ መትረየሱን የሚያሽከረክሩትም ጃፓናውያን ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሃኮዳቴ ወደብ ጦርነት ሆነ፤ ካይተን ከጥቅም ውጪ ሆና ተቃጠለች፣ በሰኔ 1869 ኤኖሞቶ እጁን ሰጠ። እውነቱን ለመናገር ኮቴትሱ ጦርነቱን አሳጥራለች፤ ይህንን አልክድም። ይሁን እንጂ የመርከቧ የውጊያ ታሪክ በመሠረቱ ይኸው ነው። ከባዕድ ጦር መርከብ ጋር ተታኩሳ አታውቅም። በ1871 አዙማ፣ ማለትም ምሥራቅ፣ ተብላ ስሟ ተለወጠ። በ1874 በሳጋ የተነሣውን አመፅ ለማፈን ታዘዘች። በዚያው ዓመት ነሐሴ በታይዋን ዘመቻ ሰሞን ካጎሺማ ላይ ማዕበል ገፍቶ ከመሬት አላተማት። በ1877 የሳትሱማ ሰዎች ሲያምፁ የጥበቃ ሥራ ተሰጣት። እንጨቷ እየበሰበሰ በ1888 ከመዝገብ ተሰረዘች፤ ኋላም ለብረቷ ተሸጠች።

ይህ ነው እንግዲህ «ገዝተው ሠለጠኑ» የሚባልላት ብረት። ታዲያ ጃፓንን ያሠለጠናት ምንድን ነው? እኔ የታሪክ ሊቅ ነኝ አልልም፤ ግን መርከቧን ትቼ በመርከቧ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ስከተል የማገኘው ነገር ሌላ ነው።

ኤኖሞቶን እንውሰድ። ይህ ሰው በናጋሳኪ በ1855 በተከፈተው የባሕር ትምህርት ቤት ከሆላንድ መምህራን የተማረ፣ ከዚያም ለዓመታት ሆላንድ ተቀምጦ የተመለሰ ነበር። ምሽጉ ሊወድቅ ሲል ከሆላንድ ያመጣውን የባሕር ሕግ መጽሐፍ «ከእኔ ጋር ሊቃጠል አይገባውም፤ ለአገር ይጠቅማል» በሚል ሐሳብ ለሚወጋው ጦር ላከ። የጠላት አዛዥ ኩሮዳ ኪዮታካ ደግሞ በምላሹ ሳኬ ላከለት። ኤኖሞቶ ከተማረከ በኋላ ይገደል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ኩሮዳ ግን ፀጉሩን ተላጭቶ ስለ ሕይወቱ ለመነ። በ1872 ኤኖሞቶ ምሕረት አግኝቶ ወጣ። በ1875 በሴንት ፒተርስበርግ ከሩሲያ ጋር የድንበር ውል የፈረመው እርሱ ነው። በ1880 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነ። አዎን፥ ኮቴትሱን ሊማርክ ሰዎች የላከው ዐመፀኛ ኮቴትሱን የሚያዝዝ ሚኒስትር ሆነ! ከእርሱ በፊት በ1873 ሥልጣኑን የያዘው ካትሱ ካይሹም የሾገኑ ባሕር ኃይል ሰው ነበር። አሸናፊዎቹ ባሕር የሚያውቁት ተሸናፊዎቹ መሆናቸውን ተገንዝበው ሹመቱን ለጠላት ሰጡ። ወገን ድል ባደረገ ማግሥት የተሸናፊውን ቢሮ፣ ማኅተምና ቤት የሚከፋፈል ፖለቲከኛ «እንደ ጃፓን እንሁን» ሲል ስሰማ ሳቄ ይመጣል፤ መሳቅ ሲያቅተኝ አዝናለሁ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ማለት አለብኝ፤ ካልሆነ እኔም ሌላ ተረት ሻጭ እሆናለሁና። ምሕረቱ ለሁሉ አልነበረም። የአይዙ ሰዎች ከአገራቸው ተነቅለው ወደ ሰሜን ደረቅ ምድር ተጋዙ። የፍትሕ ሚኒስትር የነበረው ኤቶ ሺምፔይ በ1874 በሳጋ ስላመፀ ተቀልቶ ራሱ ለሕዝብ እይታ ተሰቀለ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ኦጉሪ ታዳማሳ ነው። የሾገኑ ሹም የነበረው ኦጉሪ ቨርኒ የተባለውን ፈረንሳዊ መሐንዲስ አስመጥቶ ከ1865 ጀምሮ የዮኮሱካን የመርከብ መሥሪያ ያስጀመረ ሰው ነው። በ1868 የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ያለ ፍርድ ገደለው። መሥሪያው ግን ቀረ፤ አሸናፊዎቹ አላፈረሱትም፣ «የቀድሞው ሥርዓት ነው» ብለውም አልዘጉትም፣ ቨርኒንም አላባረሩትም። በ1875 ሴይኪ የተባለች መጠነኛ የጦር መርከብ ከዚያ ወጣች፤ በ1878 እስከ አውሮፓ ተጉዛ ተመለሰች። አዙማ ወደብ ላይ ስትበሰብስ የራሳቸው ሠራተኞች የጠረቧት ሴይኪ ዓለምን ታያለች። ጋሼ፥ እርስዎ መሐንዲስ ነዎትና እስቲ ይፍረዱ፤ የትኛዋ ናት የሠለጠነችው?

እዚህ ላይ ሌላው ወገን፣ ያ «ሁሉን ራሳችን እንሥራ፣ ከውጭ አንዲት ብሎን አንግዛ» የሚለው፣ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይጨፍር አንድ ነገር ልንገረው። በሚያኮ ወሽመጥ ዕለት ካሱጋ በተባለችው የንጉሠ ነገሥቱ መርከብ ላይ ቶጎ ሄይሃቺሮ የሚባል ወጣት መኮንን ነበረ። ይህ ወጣት በ1871 ወደ እንግሊዝ ለትምህርት ሄዶ በ1878 ተመለሰ፤ በ1905 በቱሺማ የሩሲያን መርከቦች ያሰጠመው አድሚራል እርሱ ነው። የተዋጋባት ሚካሳ ግን እንግሊዝ አገር የተሠራች መርከብ ነበረች። ከኮቴትሱ በኋላ 36 ዓመት አልፎም ጃፓን ትገዛ ነበር! ልዩነቱ ሚካሳን የሚያዝዘው፣ የሚጠግነው፣ ስትሰበር የሚያድሳት ሰው ከ30 ዓመት በላይ ሲማር የቆየ መሆኑ ነው። ለዚያ ትምህርት የሚሆነው ገንዘብ የመጣውም በ1871 የመሳፍንቱ ግዛቶች በመሻራቸው፣ በ1872 የትምህርት ሥርዓት በመታወጁና በ1873 የመሬት ግብሩ በመሻሻሉ ነው። ይህ የመሬት ግብር ነገር አሰልቺ ስለሆነ ማኪያቶ ቤት ውስጥ አይወራም። ገበሬውም እንዳልወደደው፣ እንዳመፀበትም አውቃለሁ። ቢሆንም መድፉን የጎተተው እርሱ ነው።

ቶጎ ካሸነፈ ከዓመታት በኋላ ያለ ፍርድ የተገደለውን የኦጉሪን ቤተሰቦች ቤቱ ጠርቶ ስለ ዮኮሱካ መሥሪያ አመስግኗቸዋል። ድል አድራጊው ከተሸናፊው ወገን የሞተን ሰው ቤተሰብ «ያሸነፍሁት በአባታችሁ ሥራ ነው» የሚልበትን ቀን እኔ በዕድሜዬ በአገሬ አላየሁም። እንዲያውም እኛ ዘንድ አዲሱ ሹም ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው የቀድሞውን ፋይል ከመደርደሪያ ማውረድ ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት የደከምንበት ጥናት «ያለፈው አመራር ነው» ተብሎ መጋዘን ሲወረወር አይቻለሁ፤ ያንኑ ጥናት እንደገና ለማሠራት ከውጭ አማካሪ ተቀጠረ።

ጋሼ ምናልባት «ልጄ፥ ኮቴትሱ ባትኖር ኖሮ አገሪቱ ለሁለት ትከፈል ነበር» ይሉኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስለ ጃፓን ሲነግሩን የሚያኮን መትረየስ ከነገሩን የኩሮዳን የተላጨ ራስም ይንገሩን። 400,000 ዶላሩን ከቆጠሩልን የፉኩዛዋን ሣጥኖችም ይቁጠሩልን። በሙያ ባልደረቦችዎ ዘንድ ቃልዎ ይሰማል፤ ወጣቶቹም ከእርስዎ አፍ የሰሙትን እውነት ብለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ማክሰኞ በተለመደው ሰዓት እዚያው ነኝ። የከበደ ሚካኤልን መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ፤ ማኪያቶው በእኔ ነው።